ነጠላዋን ተዉላት

ባለፈው እሑድ ቡራዩ ቤቴ ብቻዬን ቁጭ ብዬ የማየው ድራማ አለቀና ስሞች መውጣት ጀመሩ። «አዘጋጅ» ከሚለው ቀጥሎ የበቀለች ስም መጣ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ይህን ስም ባየ ቁጥር «የተጂዋ!» ይልና ወደ እኔ ዞሮ ይስቅ ነበር።

ወጣት ሳለን በቀለችና እኔ ሰበታ ውስጥ በአንድ አማተር የቲያትር ቡድን አብረን ነበርን። እሷ ዋና ተዋናይት ናት። እኔ ደግሞ ድምፄ ከሁለተኛው ወንበር አያልፍም። አንድ ጊዜ ሰው ጠፋና ባሏ የሞተባትን ሴት እንድጫወት ለእኔ ተሰጠኝ። አዘጋጃችን ጋሽ ታደሰ መርዶውን እንደሰማሁ፣ እንደ ሐዘንተኛ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ፣ ደረቴን እየመታሁ እንድወጣ አዘዙኝ።

«ጋሼ፣ ገና አሁን እኮ ነው የሰማችው» አለች በቀለች። «መች ዘቀዘቀችው? ነጠላዋን ተዉላት። ቤተ ክርስቲያን እንደሳመችበት ትውጣ። ማልቀሱም ይቅር፣ ዝም ብላ ትቁም።»

«ሰው ይስቅብናል።»

«ከሳቀ በእኔ ይሳቅ።»

«እሺ። ከሳቁ ግን ዳግመኛ አዘጋጅ ልሁን እንዳትይኝ። ተዋናይ ነሽ፣ ተዋናይ ሆነሽ ትቀሪያለሽ።»

ቲያትሩን ልናሳይ ተጂ ከተማ የሄድነው በኅዳር፣ በጤፍ አጨዳ ወቅት፣ በአይሱዙ ጀርባ ላይ ተጭነን ነው። መንገዱ ዳር ያለው ጤፍ ሁሉ ታጭዶ ተኝቶ ነበር። በቀለች እናቷ የቋጠሩላትን ጭኮ፣ ያንን የምትወደውን በቅቤ የታሸ የገብስ በሶ፣ አልነካችም። ሹፌሩ ዞር ብሎ አየንና «ሳትደርሱ ነው እንዴ ለቅሶ የተቀመጣችሁት?» አለን። በኋላ ባሌ የሆነው እሱ ነው።

መድረካችን የትምህርት ቤት በረንዳ ነበር። ጥለቴን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወጣሁና ቆምኩ። ከኋላ አንዱ «ሰርግ ተጠርታለች እንዴ?» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። በቀለች ከመጋረጃው ጀርባ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ እንደታዘዝኩት ዝም አልኩ።

ይህን ጊዜ ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና በረንዳው ላይ ወጡ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረዱ፣ ገለበጡት፣ ጥለቱን አንገቴ ላይ አደረጉልኝ። «ጀባዱ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። በርቺ ልጄ ማለታቸው ነው። ሳላስበው አለቀስኩ። የሳቀውም ሰው አለቀሰ።

ጋሽ ታደሰ ሰበታ ስንወርድ የቲያትሩን ደብተር ለበቀለች ሰጧት። «የሚቀጥለውን አንቺ አዘጋጂው።»

«ሰው ግን ስቋል እኮ ጋሼ።»

«ሰምቻለሁ። ያዢው።»

ከዚያ አዲስ አበባ ገባች፣ ብዙ ዓመት ተወነች፣ ከዚያም አዘጋጀች። አብረዋት የሠሩ እንደሚነግሩኝ፣ ተዋናይን እንዲህ አልቅሺ ብላ አታውቅም። «መርዶውን ስትሰማ እጇ ላይ ምን ነበር?» ብላ ነው የምትጠይቀው።

ባለቤቴ ያረፈ ቀን በቀለች ሱሉልታ ቀረጻ ላይ ነበረች። ጫማዋን አቧራ እንደሸፈነው ድንኳኑ ውስጥ ገባችና ፊቴ ቆመች። እኔም ራሴን ያየሁት ያኔ ነው። ጥለቴን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ልክ እንደ በዓል ቀን ለብሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ስቀበል ውያለሁ። ማንም ደፍሮ አልነገረኝም። እሷ ግን ነጠላዬን አወረደች፣ ገለበጠች፣ አንገቴ ላይ አደረገችልኝ። «ጀባዱ» አለችኝ።

ያኔ በወጣትነቷ፣ መርዶ የሰማች ሴት ነጠላዋን መዘቅዘቅ ትዝ እንደማይላት በቀለች ከየት አወቀችው? ስሞቹ አልፈው ቴሌቪዥኑን ካጠፋሁ በኋላም ይህንኑ ሳስብ ነበር። ነጠላዬ እንደተዘቀዘቀ ነው። ጥለቱ ወደ ትከሻዬ የሚመለስበት ቀን ሲደርስ እሷ መጥታ እስክትገለብጥልኝ እጠብቃለሁ።