መነሳት የተማርንበት ክፍል

የያዙኝ መድኃኒት ቤቴ ውስጥ ነው። ለአንዲት እናት የልጇን ሽሮፕ እንዴት እንደምትሰጠው እያስረዳሁ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገብተው ከባንኮኒው ፊት ቆሙ። ወረፋ የሚጠብቁ መስለውኝ ነበር። ሴትየዋ እስክትወጣ ታገሡኝና አንደኛው፣ "ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ። ቆልፊና እንሂድ" አለኝ። ነጭ ጋዎኔን እንኳ ሳላወልቅ ቆልፌ ወጣሁ።

ምክንያቱን መገመት አላቃተኝም። የሰፈራችን ቤቶች ስለሚፈርሱበት ጉዳይ በተጠራ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተናግሬ ነበር። አንድ ሰው በስልኩ ቀረጸኝና ንግግሬ ፌስቡክ ላይ ዞረ። ያልኩት ረጅም አልነበረም። ሰው ቤቱ ከመፍረሱ በፊት የት እንደሚሄድ ይነገረው ነው ያልኩት።

ፖሊስ ጣቢያው ፒያሳ ካለው መድኃኒት ቤቴ ብዙም ስለማይርቅ በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ የማውቃቸው ሰዎች ሰላም አሉኝ፤ እኔም ሰላም አልኳቸው። በሁለት ሰዎች መሀል መሄዴን ልብ ያለ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

የሴቶቹ ክፍል በረኪናና የረጠበ ብርድ ልብስ ይሸታል። ከጣሪያው ሥር ያለችው መስኮት በላሜራ ተሸፍና በጫፏ ብቻ ብርሃን ታስገባለች። ፍራሾቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፈዋል። ለእግር የቀረችው መሀል ላይ ያለች ጠባብ ሲሚንቶ ናት። ቀን ቀን ቤት የሚያፈርሰው የኤክስካቫተር ድምፅ ይሰማል፤ እሱ ሲያርፍ ደግሞ የባቡሩ።

የክፍሉን ሥርዓት የምታስጠብቀው እስረኛ ካቦ ትባላለች። የእኛ ካቦ ውቤ በረሃ መጠጥ ቤት የነበራት ሴት ናት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ጋዎን ለብሰሽ ነው እንዴ የመጣሽው? በይ ዶክተር፣ ከእማማ አጠገብ ተኚ። እሳቸውን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ትስማማላችሁ።"

ፋርማሲስት መሆኔን ነገርኳት። እስክወጣ ድረስ ግን ዶክተር ከማለት አልተመለሰችም።

እማማ ያለቻቸው፣ ወላጆቻቸው ከወሎ የመጡ፣ እሳቸው ግን አራዳ ተወልደው አራዳ ያረጁ ሴት ናቸው። የሚፈለገው ልጃቸው ነበር። ቤት ሄደው ሲያጡት እናቱን ይዘው መጡ። "እሱ ሲመጣ ይወጣሉ" ተብለዋል። ለሶላትም ሆነ ለሽንት ቤት መነሳት ሲፈልጉ ሁለት ሴቶች ብብታቸውን ይዘው ያነሷቸዋል። በተነሱ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቃሉ።

ከንፈራቸው መድረቁን ያየሁት ገና በገባሁ በማግሥቱ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ውሃ ግን አይጠጡም።

"እማማ፣ ውሃ ይጠጡ እንጂ" አልኳቸው።

"ጠጥቼ ማንን ላስቸግር ልጄ? ስንቴ ኑ አንሱኝ ልበላቸው?"

በሙያዬ የማውቀው ነገር ሁሉ ውሃ መጠጣት አለባቸው ከማለት አያልፍም ነበር።

በሩ አጠገብ ካለው ፍራሽ ላይ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች ቀጭን ሴት ትተኛለች። ቀን ኢንሹራንስ ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ፒያሳ አንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ካራቴ ታስተምራለች። የታሰረችውም በዚሁ ነው። ወጣቶችን ሰብስባ ታሰለጥናለች ተባለ። ለምርመራ በተጠራች ቁጥር የሚጠይቋት፣ "ለማን ነው የምታሰለጥኚው?" እያሉ ነው። አንድ ቀን ከምርመራ ስትመለስ ካቦዋ ዛሬስ ምን አሉሽ አለቻት።

"ወጣት ብቻ አይደለም የማስተምረው፤ ጡረታ የወጡ አሉኝ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናትም አሉኝ አልኩት መርማሪውን።"

"እሺ?"

"አሰበ አሰበና፣ 'ሽማግሌዎቹን ደግሞ ለምን ፈለግሻቸው?' አለኝ።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

እንግዲህ አንድ ጠዋት፣ ከቤት የመጣልንን ቁርስ ከበላን በኋላ፣ ይህች አሰልጣኝ መጥታ እማማ ፊት ቁጢጥ አለች።

"እማማ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት?"

"ቡጢ ነው?"

"አይደለም። መነሳት ነው። እኔ ጋ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው መውደቅና መነሳት ነው። መምታት ኋላ ነው የሚመጣው።"

እማማ አዩኝ። እኔ ደግሞ ጉልበታቸውን አየሁ። ብርድ ልብስ አጥፌ ሥሩ እንዳደርግላቸው አሰልጣኟ ነገረችኝ። መጀመሪያ በጎን እንዲዞሩ፣ ቀጥሎ መዳፋቸውን መሬት ላይ አስደግፈው እንዲንበረከኩ፣ ከዚያ አንድ እግራቸውን ወደፊት አውጥተው ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዲያደርጉ አሳየቻቸው።

"ትንፋሽዎን አይያዙት። ሲነሱ ያውጡት።"

የዚያን ቀን አልሆነላቸውም። ግማሽ ደርሰው ተመልሰው ተቀመጡ። "አብሽሩ እማማ፣ ጥቁር ቀበቶዎ እየመጣ ነው" አለቻቸው ካቦዋ። በማግሥቱም አልሆነላቸውም። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ብርድ ልብሱን እንዳጥፍላቸው ይጠይቁኝ ጀመር።

ሌሎቻችንም ቀስ በቀስ ገባንበት። ቦታው ስለማይበቃ ሁለት ሁለት እየሆንን በተራ ነበር የምንሠራው። ወገቧ የሚቆረጥማት ነበረች፤ ሲመሽ ልጆቿ ትዝ እያሏት ትንፋሽ የሚያጥራት ነበረች። እኔ እንቅልፍ አልነበረኝም። አቋም ይዘን ስንቆም እግራችን ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ትከሻችንን በጣቷ ነካ አድርጋ ዝቅ ታደርገዋለች። ቡጢ የሰነዘረ ሰው አላስታውስም። ስንጀምርም ስንጨርስም ግን አጠገባችን ላለችው ጎንበስ ብለን እጅ መንሳት ነበረብን። ይህ መጀመሪያ ላይ ያስቀን ነበር። ከዚያ በፊት በአንድ ጀሪካን ውሃ እንሰዳደብ ነበር። ጠዋት ያጎነበስሽላትን ሴት ከሰዓት በኋላ መስደብ ግን ይከብዳል።

አንድ ቀን ብቻዋን ሳገኛት ጠየቅኳት።

"ይሄ ነገር አይጎዳሽም? የታሰርሽው በማሰልጠን ነው እኮ።"

"ይጎዳኝ ይሆናል" አለች። "እጄን አጣጥፌ ብቀመጥስ መች ይተውኛል?"

የፈራሁት አልቀረም። አንድ ጠዋት በሩ ተከፈተና የጣቢያው ኃላፊ ከተረኛዋ ሴት ፖሊስ ጋር ገባ። ሁላችንም ተቀምጠን ነበር። ጫማው ለእግር በቀረችው ሲሚንቶ ላይ ቆመ።

"እዚህ ክፍል ውስጥ ስልጠና ይሰጣል ተብሏል" አለ።

አሰልጣኟ ልትነሳ ስትል፣ "አንቺን አልጠየቅኩም፤ ቁጭ በይ። ከእሷ የሰለጠነች ትነሳ" አለ።

ማንም አልተነሳም። ውጪ ባቡሩ አለፈ። እሷ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ወደማናችንም ላለማየት የተጠነቀቀች መሰለኝ።

እማማ ከአጠገቤ ተንቀሳቀሱ። እንደለመድኩት ብብታቸውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ፣ "ተዪኝ" አሉኝ በቀስታ። በጎን ዞሩ። መዳፋቸውን ሲሚንቶው ላይ አሳረፉ። ተንበረከኩ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁት። አንድ እግራቸውን ወደፊት አወጡ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ ትንፋሻቸውን በአፋቸው አውጥተው ቆሙ። ጊዜ ወሰደባቸው። ኃላፊው እስኪጨርሱ ጠበቀ። ሻሻቸውን አስተካከሉ።

"እኔ ነኝ ልጄ" አሉት።

"ምንድን ነው ያስተማረችዎት?"

"መነሳት።"

"ምን?"

"ከመሬት መነሳት። አሁን ያየኸውን።"

እኔም ተነሳሁ። ካቦዋ፣ "እኔም አለሁበት" ብላ ተነሳች። ሌሎችም ተከተሉ። ተቀምጠው የቀሩ ነበሩ፤ በኋላም የወቀሳቸው የለም። የሚጠባ ልጅ ቤት የተወች ሴት ነበረች ከእነሱ መሀል።

ኃላፊው፣ "እማማ፣ ይቀመጡ" አላቸው፤ ድምፁ ቀድሞ ከነበረው ዝቅ ብሎ ነበር።

"ከተነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቁም" አሉ።

አሰልጣኟን ያን ዕለት ከእኛ ለይተው ወሰዷት። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችን። የቆምነው ሁሉ ጎንበስ አልን። ተረኛዋ ፖሊስ አላጣደፈቻትም። ቀና እስክትል ቆማ ጠበቀቻት።

የት እንደወሰዷት የነገረን የለም። እኛ ግን ጠዋት ጠዋት መሥራታችንን ቀጠልን። ተሳስተን ስንቆም የሚያርሙን እማማ ሆኑ። ውሃም መጠጣት ጀመሩ። ልጃቸው ግን እናቱ መታሰራቸውን ሰምቶ ኖሮ፣ በገዛ እግሩ መጥቶ እጁን ሰጠ። "ዕቃዎን ይያዙ፤ ተፈተዋል" ሲሏቸው እልል ያለ የለም። "እሱ ገብቶ ነው እኔ የምወጣው" አሉኝ። ራሳቸው ተነስተው፣ አንድ በአንድ ስመውን ወጡ።

እኔም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየሁም። ክስ አልነበረም። ስንፈልግሽ እንጠራሻለን ብለው ለቀቁኝ፤ እስካሁን አልጠሩኝም።

አሰልጣኟም ተፈታለች። ስትወጣ አዳራሹ ፈርሶ ጠበቃት። አሁን ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ታስተምራለች። እኔም እሄዳለሁ። በቀኜ ጡረታ የወጡ ሹፌር ይቆማሉ፤ በግራዬ የወተት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን። ሦስታችንንም የምታርመን በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው። እማማ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው፣ ከእስር ከወጣው ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አልፎ አልፎ መድኃኒታቸውን ይዤላቸው እሄዳለሁ። ሳንኳኳ ልጃቸው ሊከፍትልኝ ሲነሳ፣ "ተው፣ እኔ እከፍታለሁ" ሲሉት ከውጭ ይሰማኛል።

ስለዚያ ክፍል የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ መስማት የሚፈልጉት ስለ ድብደባ ነው። እኔን የመታኝ ሰው አልነበረም፤ ሌላ ቦታ የሆነውን አላውቅም። ስለዚህ የምነግራቸው ነገር ያጥርባቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ሴት መጥተው የግቢው በር ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ወደሳቸው ጠጋ አልኩ።

"እኔን የመሰለ ሰው እዚህ ምን ይማራል?" አሉኝ።

ብዙ ነገር ልነግራቸው አስቤ ነበር። "ጫማዎን ያውልቁና ይግቡ" አልኳቸውና ከአጠገቤ ቦታ ለቀቅኩላቸው።