ከሳኩራው ሥር የተዘረጋው ሸራ

ሳኩራ የሚባለው ባለ አበባ ዛፍ ሲያብብ ኪኑዮ ኩዋባራ ደሟ ይፈላል። በመላው ጃፓን በዚያ ሰሞን የሚናደድ ሰው ቢፈለግ እሷ ብቻ ሳትገኝ አትቀርም። ሌላው አንገቱን ቀና አድርጎ "ውይ፣ ሲያምር!" ይላል፤ እሷ መጥረጊያዋን ይዛ መሬት መሬቱን ታያለች። ምን ታድርግ? ግንዱ የሰፈሩ መናፈሻ ውስጥ ይሁን እንጂ ቅርንጫፉ የተንጋለለው እሷ ጣሪያ ላይ ነው። አበባው ሲረግፍ የሚደፍነው የእሷን አሸንዳ ነው። ሙቀቱ ሲገባ አባጨጓሬው የሚወርደው እሷ ባሰጣችው ልብስ ላይ ነው፤ ቅጠሉም ሲረግፍ የሚከመረው እሷው ደጃፍ። አድናቂው በሳምንቱ ሹልክ ብሎ ይሄዳል፤ ኪኑዮ ግን ዓመቱን ሙሉ ስትጠርግ ትኖራለች።

"እስቲ ከእነዚህ አድናቂዎች አንዱ መጥረጊያ ይዞ ይምጣ!" ትል ነበር። ማን መጥቶ!

እሱስ ይሁን፣ ተድራ ከመጣች ጀምሮ ስለጠረገች ለምዳዋለች። አንጀቷን ያሳረረው ሌላ ነው። ዛፉ አርጅቷል። የተከሉት አማቷ ናቸው፤ ልጃቸው ካንጂ አንደኛ ክፍል የገባ ዕለት። ኋላ መሬቱን ለሰፈሩ ማኅበር ሲሰጡ ዛፉም አብሮ ሄደ። ያ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ የኪኑዮ ባል ነው፤ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ከዋለ ሰንብቷል። ዛፉም ከእሱ አይሻልም። ግንዱ ውስጡ ባዶ ሆኖ እንጉዳይ አብቅሏል። ትልቁ ቅርንጫፍ፣ ካንጂ ከሚተኛበት ክፍል በላይ ያለው፣ ከሥሩ ተሰንጥቋል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። ኪኑዮ ባሏ አጠገብ ተጋድማ ትሰማዋለች። ተሸክማ እንዳታወጣው አቅም የላት፤ ከነፍራሹ ወደ ኋለኛው ክፍል ልጎትትህ ስትለው ደግሞ በደህና እጁ የመስኮቱን ደፍ ጨምድዶ ይይዛል። አበባው ከዚያ ስለሚታየው ነው።

ስለዚህ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ኦጋታ ዘንድ ትሄዳለች።

"እትዬ ኪኑዮ፣ እንቡጡ እኮ ቅርንጫፉ ላይ ተቋጥሯል" ይላታል ብርድ ሲገባ። "አሁን መቁረጥ ነውር አይሆንም? አብቦ ይለፍ።"

አብቦ ሲያልፍ ትሄዳለች።

"አሁንማ ቅጠሉ ለምለም ነው፤ ለልጆቹ ጥላ ነው። ሙቀቱ ይለፍ።"

ሙቀቱ ሲያልፍ እንቡጡ ተመልሶ ተቋጥሯል! "አይሆንም" ብሎ ቁርጡን ቢነግራት በተሻላት። ኦጋታ ግን አይሆንም የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ጥርሱን ገጥሞ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ አንገቱን ዘመም ያደርጋል፣ "ትንሽ አስቸጋሪ ነው" ይላል። በቃ። በትሕትና የተጠቀለለ እምቢታ ከስድብ ይብሳል፤ ተሳዳቢውን ቢያንስ መልሰህ ትሰድበዋለህ።

ዘንድሮ በረዶው ከበደና ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ ሆነ። ኪኑዮ የልብስ ማስጫዋን የቀርከሃ ዘንጎች አስራ፣ በረዶው ውስጥ ቆማ ቅርንጫፉን ደገፈችው። ሚያዝያ ሲገባ አበባው ፈነዳ። ኦጋታም በየቤቱ እየዞረ፣ "እሑድ እንደተለመደው ከዛፉ ሥር እንጠጣለን፤ ሴቶች ምግብ ታዘጋጃላችሁ" አለ። ለእሷም፣ ሳያፍር፣ እንቁላል ጥብሱ ያንቺ ድርሻ ነው አላት!

"እሺ" አለች ኪኑዮ። እሺታዋ ሊያስፈራው ይገባ ነበር።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣች። በአበባ ሰሞን ሸራ ዘርግቶ ስሙን የጻፈበትን ሰው ቦታ ማንም አይነካበትም። ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ ቢጠፋ እንኳ ጫፉን የሚረግጥ የለም፤ በጫማ መውጣትማ የሰው ቤት በጫማ ገብቶ እንደ መንጎራደድ ነው። ኪኑዮም ያላትን ሰማያዊ ሸራ ሁሉ፣ የተዋሰችውንም ጨምራ፣ ከግንዱ እስከ አጥሩ ድረስ ዘረጋች። ጎመን በጨው ስታሰነብት የምትጭናቸውን ድንጋዮች ጠርዙ ላይ ደረደረች። በካርቶን ላይ "የኩዋባራ ቤተሰብ" ብላ ጽፋ መሐል አስቀመጠችና እሷም ቁጭ አለች።

ወንዶቹ የሳኬ ጠርሙሳቸውን ታቅፈው መጡ። ሸራውን አዩ። ቆሙ።

"የት ልንቀመጥ ነው?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? ተይዟል።"

"ኧረ ሁለት ሰው እኮ ናቸው! አንዱ ደግሞ አልጋ ላይ ነው!"

"ታዲያ ምን ይደረግ? ስም ተጽፎበታል።"

በሬ የሚያክሉ ጎልማሶች ጠርዙ ላይ ተገትረው የጫማቸው አፍንጫ ሸራውን እንዳይነካ ይጠብቃሉ። ሴቶቹ ምግቡን ይዘው ከኋላ ቆመዋል፤ አንዳንዷ ሳቋን ለመዋጥ ጎንበስ ብላለች። ኦጋታ ተጠርቶ መጣ። አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ጫማውን አወለቀ፣ "ይፈቀድልኝ" ብሎ ጠርዙ ላይ ተንበረከከ።

"እትዬ ኪኑዮ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ..."

"ይቁም! እኔ ስንት ዓመት ደጅዎ ስቆም የት ነበረ ሰፈሩ?"

"ይገባኛል፣ ግን ትንሽ አስቸጋ..."

"እንዳይጨርሷት!" ቱግ አለች። "ያ ቅርንጫፍ ባሌ ላይ ሲወድቅስ አስቸጋሪ ይሉኛል? ወይስ የቀብሩ ዕለት እንቡጡ ተቋጥሯል ይሉኛል? የእርስዎ መጠጫ እንዲያምር የእኔ ሰው ይሙት? ዛሬ እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይቆረጣል ወይ አይቆረጥም ይበሉኝ!"

ኦጋታ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ወደ መስኮቱ ሰረቅ አድርጎ አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እኔ አይደለሁም። ካንጂ ነው። ሳይታመም በፊት ለምኖኝ ነበር፤ ከታመመም በኋላ ልጠይቀው በመጣሁ ቁጥር እጄን ይዞ ያለቅሳል። 'እኔ እያለሁ ዛፉን እንዳታስቆርጠው፣ ለኪኑዮም እንዳትነግራት' ይለኛል። ምን ላድርግ?"

ኪኑዮ ተነሳች። ሸራው ላይ በካልሲዋ እየረገጠች ቤት ገባች፣ የመስኮቱን ተንሸራታች በር እስከ ጥግ ገፋችው።

"አንተ ሰውዬ! የሰፈር መሳቂያ ስታደርገኝ ኖረሃል ለካ!"

ካንጂ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አትዙርብኝ! በጣም ትወደዋለህ አይደል? ና፣ ሥሩ ተኛ!" ፍራሹን ይዛ ጎተተች። ከበረንዳው ጫፍ ስትደርስ ወደ ወንዶቹ ዞረች። "ምን ትገተራላችሁ? ያዙ እንጂ!"

ጫማቸውን እያወላለቁ ሮጡ። ካንጂን ከነፍራሹ አንስተው ከግንዱ አጠገብ አስቀመጡት። እሷም ትንፋሿ እየተቆራረጠ ከጎኑ ተቀመጠች።

ከመስኮቱ የሚታየው የቅርንጫፉ ጫፍ ብቻ ነበር፤ አበባ በአበባ የሆነው። በጀርባው ተንጋሎ ግን ካንጂ ሌላውን አየ፤ እንጉዳዩን፣ ጥቁሩን ስንጥቅ፣ ከታች የተደገፉትን ዘንጎች። ለረጅም ጊዜ አየ።

"ዘንጉን... ማን ደገፈው?" አለ በተጣመመ አፉ።

"ማን ይደግፈዋል? ሊቀ መንበሩ?"

"በበረዶ... እዚህ ሥር ቆመሽ?"

"አዎ፣ እዚህ ሥር ቆሜ! አንተ እቤት ተኝተህ አበባ እያለምህ!"

ካንጂ ደህናውን እጁን ወደ ኦጋታ አነሳ። "ቁረጡት" አለ። ኦጋታ ዘመም አላለም፤ መሬት እስኪነካ ጎንበስ ብሎ "እሺ፣ ነገ" አለ።

ያሰበችው ሆነላት፤ ቁጣዋ ግን ባሰ። "ለምን ለእኔ አልነገርከኝም? ለእሱ የሚለቀስ፣ ለእኔ የማይነገር ምንድን ነው?"

ካንጂ ቃላቱን ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደበት። "ዛፉ... አርጅቷል... ውስጡ ባዶ ነው... ሸክም ሆነብኝ ስትዪ... እኔን የምትዪ ይመስለኝ ነበር።"

ጠርዙ ላይ የቆሙት ሁሉ ካልሲያቸውን ማየት ጀመሩ። አንዲቷ ሴት አፏን በመዳፏ ያዘች።

"አንተ ደንቆሮ!" ብላ ጮኸች ኪኑዮ፤ ከሰፈሩ ማዶ ድረስ ተሰማ። "አንተን ላተርፍ ነው እኮ! አንተን ለማትረፍ!" እጁን አፈፍ አድርጋ ያዘችው። ከንዴቷ ብዛት አጥብቃ ስለጨበጠችው አመመው፤ እሱ ግን ልቀቂኝ አላለም።