መጀመሪያ የመምህሩ እጅ

የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህሩ በሠላሳ አንድ የማስተማር ዓመታቱ ራሱ ቴርሞሜትር አንብቦ አያውቅም። ጣቱን ውሃ ውስጥ ነከር ያደርግና “አርባ ሁለት” ይላል፤ ተማሪ ቴርሞሜትር ከትቶ ሲያነብ አርባ ሁለት ይሆናል። ልጆቹ “ቴርሞሜትሩ” ብለው ስም አወጡለት፤ እሱም ኮራበት።

ተማሪዎቹንም በዚያው በሙቀት ትምህርት ይመድባቸዋል፤ ብረት ሙቀት ቶሎ ያስገባል፣ እንጨት አያስገባም። ቶሎ የሚገባቸው “ብረት” ናቸው፤ ፊት ይቀመጣሉ። የማይገባቸው “እንጨት” ናቸው፤ ኋላ ይቀመጣሉ፤ ውሃ የሚያመላልሱም እነሱ ናቸው። ሙቀትና መጠነ ሙቀት ያው አንድ ነው ያለችውን ቀጭን ልጅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት “አንቺማ እርጥብ እንጨት ነሽ” አላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ በስሟ የጠራት የለም፤ እርጥቧ ሆና ቀረች።

መምህሩ ጡረታው ስለደረሰ ሁለት ዓመት እንዲራዘምለት አመልክቶ ነበር። የደበቀው ነገር ግን አለ፤ የስኳር በሽታው እጆቹን ካደነዘዛቸው ስምንት ወር ሆኖታል። አንድ ቀን የጋለ ድስት በባዶ እጁ ይዞ ቆሞ ሲያወራት ሚስቱ ጮኻ አስጣለችው።

“ለርዕሰ መምህሯ ንገራት” አለችው።

“ነግሬያትስ? በማግስቱ ታሰናብተኛለች።”

“ታሰናብትህ። እጅህን ቀቅለህ ከምትመጣ።”

“ክፍል ካልገባሁ እኔ ምንድን ነኝ?”

 

የብረት ዘንግ ትምህርት ደረሰ። የዘንጉ አንድ ጫፍ ሻማ ላይ፣ ሌላው በእጅ። የፊት ወንበሮቹ ብረቶች ተራ በተራ “ኧረ ፈጀኝ” እያሉ ለቀቁ። እሱ ግን ይዞ ማብራራቱን ቀጠለ። እርጥቧ ከኋላ ወንበር ጣቶቹን ስታይ ቆየች። በማግስቱ ደብተሯን ስትሰጠው በኮምፓስ ጫፍ አውራ ጣቱን ጠቅ አደረገችው።

“ዛሬስ ሠርተሻል” አላት። ደሙ ደብተሩ ላይ ጠብ ሲል እንኳ አልነቃም።

በሳምንቱ ሱፐርቫይዘሩ ለክፍል ምልከታ መጣ። የማራዘሙ ነገር በእሱ ፊርማ ነው። መምህሩም የሚወደውን ትምህርት አዘጋጀ፤ ቀዝቃዛ፣ ለብ ያለና ሞቅ ያለ ውሃ በሦስት ሳፋ። አንዱ እጅ ቀዝቃዛው ውስጥ፣ ሌላው ሞቃቱ ውስጥ ቆይቶ ሁለቱም ለብ ወዳለው ሲገቡ፣ አንዱ ሞቀኝ ሌላው ቀዘቀዘኝ ይላል። ውሃው ግን ያው ነው፤ የዋሸው እጅ ነው። ደንቡ በየዓመቱ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የመምህሩ እጅ፣ ቀጥሎ የተማሪ።

“እርጥቧ፣ ሙቁን አምጪ።”

ከሻይ ክበቡ ያመጣችውን ፍል ውሃ ሳፋው ላይ ገለበጠችው፤ ሌላ ጊዜ የምትቀላቅለውን ቀዝቃዛ ተወችው። እንፋሎቱን ክፍሉ ሁሉ አየ። መምህሩ ፊቱ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ነበር። እጁን እስከ አንጓው ከተተ።

“አርባ ገደማ” አለ።

ብረቱም እንጨቱም ትንፍሽ አላለም። የመምህሩ እጅ እንደማይሰማው በክፍሉ ከተወራ ሰንብቷል።

“ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል” አለ፣ እጁን ሳያወጣ። “ለምናችሁ አታስቆሙትም፣ ተቆጥታችሁም አትመልሱትም።” ቀስ ብሎ ነበር የሚያስረዳው፤ ጥሩ መምህር ነበር። “በሉ አሁን ተማሪ። ነይ እርጥቧ፣ ዛሬ አንቺ ሞክሪ።”

“አልነክርም ቲቸር።”

“ለምን?”

“ፍል ነዋ።”

“እኔ ነክሬው የለ?”

“እርስዎማ እንጨት ነዎት።”

ክፍሉ እንደ መጀመሪያው ሳምንት በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ እጁን አወጣና አየው። ቆዳው እንደራሰ ወረቀት ተንሸራቶ ተንጠልጥሏል። አላመመውም። ሱፐርቫይዘሩ ብዕሩን ኪሱ ከተተ።

በዓመቱ መጨረሻ አዲሷ መምህርት ፈተና አወጣች፦ “ሙቀት እንዲተላለፍ የግድ ሊሰማን ይገባልን? በምሳሌ አስረዱ።” ክፍሉ በሙሉ፣ የኋላው ወንበር ሳይቀር፣ ሙሉ ነጥብ አገኘ። ምሳሌያቸው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ገረማትና ተኮራርጀው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

“አይ ቲቸር” አለች እርጥቧ ከፊት ወንበር። “በደንብ ተምረነዋል።”