ቀለሙ እስኪደርቅ

ፊደል በቅጡ ሳልለይ ስለ ወንድሜ ልጽፍ መነሳቴን ይቅር በሉኝ። ወንድሜ ቤት ቀቢ ነው። የሥራ ጓደኛው ዓይኑ እያየ ከመሰላል ወድቆ ከሞተ ወዲህ፣ መሰላል ሲያይ መንገድ ቀይሮ ይሄዳል። ሐኪም ቤት፣ ሥዕል እያሳሉ ወደሚያክሙበት ክፍል ወሰድኩት። እሱ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ቀባው።

«አንተ ሰውዬ፣ ግድግዳ መሰለህ እንዴ?» ብለው ሌሎቹ ታካሚዎች ሳቁበት።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይድረቅ እንጂ!» አለ ወንድሜ።

ሥዕል የምታሳላቸው አስተማሪም እስኪደርቅ ጠበቀችው። እኔማ ሰማያዊው ከወረቀቱ ፈስሶ፣ ሁላችንንም ከነወንበራችን ያንሳፈፈን መሰለኝ። ሲደርቅለት ጓደኛውን በነጭ ሳለው፤ መሰላል ጫፍ ላይ ሆኖ ይስቃል። ከዚያ ወንድሜ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

በማግስቱ ጠዋት መሰላሉን ከጓሮ አወጣና፣ «እህቴ፣ ያዥልኝ፤ እንዳትለቂ» ብሎኝ ሁለት እርከን ወጣ።