«አባቴን ገደላችሁት» የሚለው አስተያየት

እናቴ ጠጅ ሻጭ ናት። አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በሁለት መስታወት ለበስ ሕንፃዎች መሃል የቀረ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት አለ፤ የእሷ ጠጅ ቤት እሱ ነው። በሩ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ድሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው አላስፈለገም ነበር። አሁን የሰፈሩ ሰው አብዛኛው ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወደ አያትና ወደዚያ ማዶ ስለሄደ፣ የድሮ ደንበኞቿ በታክሲና በባቡር ተጉዘው ነው የሚመጡት። እኔ ቀን ቀን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ከሥራ ስወጣ ግን ልብሴን ቀይሬ ብርሌ አጥባለሁ፣ እቀዳለሁ።

ቤቱን ስልክ ላይ ካርታው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አዲስ የሚመጡ ወጣቶች እየደወሉ «የት ጋር ነው የምንታጠፈው?» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ፤ እንዲያው ከዚያ ብገላገል ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ አስተያየት መምጣት ጀመረ። «ደረቁ ነፍስ ነው፣ ለስላሳው ጁስ ነው።» «ፓርኪንግ የለም።» «ሽንት ቤቱን አትዩት።» «ማዘር ትቆጣለች፤ ግን ሰው የምትቆጣው ስትወደው ነው።» «ሙዚቃ የለም፣ ሽማግሌዎቹ ይበቃሉ።» አንዱም ሳያመልጠኝ አነባለሁ። ስለ ሽንት ቤቱ የተጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ያን ሰሞን ሁሉ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ በመጨረሻ ሴራሚክ አስነጠፍኩ።

እናቴ ነገሩ ሁሉ አይገባትም ነበር።

«ያልጣመው ነገ አይመጣም፤ የጣመው ይመጣል። ምን የሚጻፍ ነገር አለው?» ትላለች።

አንድ ቀን ቢሮ ስብሰባ ላይ ሆኜ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አንድ ኮከብ። ከሥሩ ሁለት ቃል ብቻ፦ «አባቴን ገደላችሁት።»

የጻፈው ሰው ስም አይታወቅም። በስሙ ቦታ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ በፎቶው ቦታ ቢጫ አበባ።

ይህ ቃል እኛ ዘንድ በትንሽ በትልቁ እንደሚባል አላጣሁትም። ምሳ የዘገየበት «ገደላችሁኝ» ይላል። የዚያኑ ቀን እንኳ አለቃችን ሪፖርቱ ባለመድረሱ «ገደላችሁኝ እኮ!» ሲለን ነው ያረፈደው። ስለዚህ ለራሴ፣ «ተናዶ ነው፤ አባቱ ሰክረው ገብተውበት ነው» አልኩት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ፣ «እውነት ሞተው ቢሆንስ?» አልኩ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ላይ ምን እንደተባለ አላውቅም። የማስበው ስለ ማሩ ነበር። ዘንድሮ ማር የምንገዛው ከአዲስ ነጋዴ ነው፤ የድሮው ሰውዬ ሥራውን ትቷል። ስኳር ቀላቅሎበት ቢሆን ግድ የለም፤ ሌላ ነገር ገብቶበት ቢሆንስ?

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ጠጅ ቤቱ ሮጥኩ። እናቴ ጌሾ እየለቀመች ነበር። በርሜሉን ከፍቼ አሸተትኩ፣ ቀድቼ ቀመስኩ፣ ደግሜ ቀመስኩ። እንደ ሁልጊዜው ነው። እንደ ሁልጊዜው መሆኑም አላሳረፈኝም።

«በቀን መጠጣት ጀመርሽ?» አለችኝ።

«እማ፣ ሰሞኑን የቀረ ሰው አለ? ከሽማግሌዎቹ?»

«ሰው ይመጣል፣ ይቀራል። ምነው?»

«ዝም ብዬ ነው።»

እያሰበች ጌሾዋን ለቀመች። ከዚያ፣ «የአውሮፕላኑ ሰውዬ ጠፍተዋል» አለች።

የአውሮፕላኑ ሰውዬ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ይቀመጡና በላያችን የሚያልፈውን እያንዳንዱን አውሮፕላን በድምፁ ይለዩታል። ወጣቶቹ በዚህ ይወዷቸው ነበር፤ ስልካቸው ላይ እያዩ ልክ መሆናቸውን ያጣራሉ። ከሁለት ብርሌ አያልፉም። ሲጨርሱ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ለሁሉም እጅ ነስተው ይወጣሉ። መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው? ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። በየቀኑ የምናየው ሰው መቅረቱን ልብ አለማለቴ ራሱ አስደነገጠኝ። ስልካቸው የለንም። ቤታቸው አያት ነው ከማለት በቀር የት እንደሆነ የምናውቀው የለም።

ለዚያ አስተያየት መልስ ጻፍኩለት። «ማን እንደሆኑ ቢነግሩን» ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብዬ ጻፍኩ፤ ካልሞቱስ ብዬ አጠፋሁት። በመጨረሻ ስልክ ቁጥሬን አስቀምጬ «እባክዎ ይደውሉልን» አልኩ። የደወለ የለም። የማላውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር ተሽቀዳድሜ አነሳለሁ፤ ሁሉም ደላላ ነው፣ ወይም የተሳሳተ ቁጥር።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ደም ግፊት አለባት። ነገር ግን እናት ናት። ብርሌዎቹን በፈላ ውሃ ደጋግሜ ሳጥብ፣ የማሩን ቆርቆሮ አገላብጬ ሳይ፣ አንድ ሽማግሌ ሲያስለው ዞር ብዬ ስደነግጥ አየችኝ። አንድ ቀን እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝና፣ «ነፍሰ ጡር ነሽ ወይስ ከሥራ አባረሩሽ?» አለችኝ። ስልኩን አውጥቼ አነበብኩላት።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ገደላችሁት ነው ወይስ ልትገድሉት ነው የሚለው?»

«ገደላችሁት ነው፣ እማ።»

በርሜሉን ከደነችው። ከዚያ ወደ ፊት ለፊት ወጥታ፣ ገና ሥራ ሰዓት ሳይጀምር የመጡትን ደንበኞች፣ «ዛሬ ጠጅ የለም» አለቻቸው።

በሕይወቴ እናቴ ቤቱን የዘጋችው አባቴ የሞተ ጊዜ ብቻ ነው። ሰዎቹ አልሄዱም፤ ደጃፉ ላይ ቆመው ምክንያቱን ጠየቁ። አስተያየቱንም፣ የአውሮፕላኑ ሰውዬ መጥፋታቸውንም ነገርኳቸው። ያኔ ሁሉም ሐሳብ አለው።

«ምቀኛ ነው! የዚህ ሕንፃ ምድር ቤት ባር የከፈተው ሰው ነው የሚያስጽፈው» አለ ወደ ሕንፃው እየጠቆመ አንድ የመርካቶ ነጋዴ።

«ጠበቃ ያዙ» አለ ሌላው።

«ተዉት ባካችሁ፣ የስልክ ወሬ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ «እኔም ባለፈው ሰሞን ሆዴን ቆርጦኝ ነበር» አለ። ሁሉም ዞሮ አየው። «ከዚህ ይሁን ከሌላ አላውቅም» ብሎ ጨመረ።

ወሬው እንዲህ ሲጦፍ ቆይቶ ነው አንድ የሚኒባስ ሾፌር የተናገረው። እሱ ሁልጊዜ የሚሰማው በግማሽ ጆሮ ነው።

«የአውሮፕላኑን ሰውዬ ነው የምትፈልጉት? ዝናብ የመታን ቀን ቤታቸው ድረስ አድርሻቸዋለሁ እኮ። አያት፣ ጤና ጣቢያው ጀርባ። ብሎኩን አሳያችኋለሁ።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴና እኔ ከመገናኛ ባቡር ያዝን። ሾፌሩ አያት ሊቀበለን ነው። እናቴ ብርቱካን ገዝታለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ለቅሶ ከሆነ ብርቱካን ይዞ መግባት ያሳፍራል» አለች፤ ሦስት ፌርማታ አለፍ ብለን ደግሞ፣ «ለበሽተኛም ከሆነ ባዶ እጅ ያሳፍራል» አለች። ነጠላዋን አንዴ እንደ ሐዘንተኛ ታጣፋዋለች፣ አንዴ ትመልሰዋለች። እኔ መስኮቱን እያየሁ የምናገረውን አጠና ነበር። ምንም የሚጠና ነገር አላገኘሁም።

ሾፌሩ ከብሎኩ መግቢያ ሲያደርሰን ግቢው ውስጥ ትልቅ ድንኳን ተተክሎ አየን። ከሥሩ ወንበር ተደርድሯል፣ ሰው ተቀምጧል። እናቴ መሬት ላይ፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ብርቱካኖቹ ከፌስታሉ ወጥተው ተንከባለሉ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ ወደ ጥበቃው ሄድኩ።

«ወንድሜ... የማን ለቅሶ ነው?»

«ምን ለቅሶ አለ? መልስ ነው! ሙሽሮቹ አሁን ይደርሳሉ።»

ተመልሼ እናቴን «ሰርግ ነው፣ እማ፤ ሰርግ ነው» ስላት፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላውቅም፤ ብርቱካኑን እየለቀመች ተነሳች።

አራተኛ ፎቅ ወጣን። እናቴ በየፎቁ እያረፈች ነበር። በሩን የከፈተችው በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ናት፤ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላለች።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

እናቴ ነገር አታዞርም። «ጠጅ ሻጯ ነኝ፣ ልጄ» አለች።

ልጅቷ በሩን የምትዘጋው መሰለኝ። እጇ እጀታው ላይ ጠበቀ። ግን ሽማግሌ ሴት ደረጃ ወጥታ እያለከለከች ደጅ ላይ ቆማ፣ በር አይዘጋም። ገለል አለችልን።

የአውሮፕላኑ ሰውዬ መስኮቱ አጠገብ ባለ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። በሕይወት አሉ። ከሲታ ሆነዋል፣ ጢማቸው አድጓል፣ አንድ እግራቸው በብርድ ልብስ ሥር ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ሲያዩን ኮፍያ ለማስተካከል እጃቸውን ወደ ራሳቸው ላኩት፤ ኮፍያ የለም።

ልጅቷ ቆማ ነበር የምትናገረው። እናቴን «እርስዎ» ነው የምትላት፣ ድምፅዋ ግን ቢላዋ ነው።

«ከእርስዎ ቤት መጥቶ ነው እዚህ ደረጃ ላይ የወደቀው። የዳሌው አጥንት ተሰበረ። እኔ ቦሌ ለሚ ፋብሪካ ነኝ፣ በጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። ጎረቤት ነው ያነሳው። ስኳር እንዳለበት ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለች እናቴ።

«መድኃኒቱን ወስዶ እንደሆነ ጠይቀውት ያውቃሉ?»

«አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያውቁት?»

እኔ «ጠጃችን ንጹህ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ፤ እናቴ ሳታየኝ ጭኔን ያዝ አደረገችኝ።

ያኔ ሰውዬው ተናገሩ። ቀስ ብለው፣ ወደ ልጃቸው እያዩ።

«እኔ ነኝ ያልነገርኳቸው። ጠጅ ቤት በምሄድበት ቀን መድኃኒቱን እተወው ነበር፤ ሁለቱ አይስማሙም ስላሉኝ። እነሱ ምን ያውቃሉ?»

«ለእኔስ ለምን አትነግረኝም፣ አባ?»

«ትከለክይኛለሽ።»

«አዎ እከለክልሃለሁ!»

«ከዚያ ሙሉ ቀን እዚህ ምን ልሠራ ነው? አንቺ የለሽም። ከታች ያሉት ሁሉ አዲስ ሰዎች ናቸው፤ ሰላምታ እንኳ አንለዋወጥም።»

ልጅቷ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያን ቃል የጻፈችው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ አባቷ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው ሳለ እንደሆነ ኋላ ነገረችኝ። እንደሚተርፉ አታውቅም ነበር። የምትቆጣው ሰው ስታጣ ስልኳን አወጣች። መልሴን አይታዋለች፤ ግን ምን እንደምትለኝ አላወቀችም።

እናቴ ተነስታ ብርቱካን መላጥ ጀመረች። ስኳር ላለበት ሰው ብርቱካን ይሆን አይሆን ትጨነቅ እንደነበር እጇ ያስታውቃል፤ ልጅቷ «ትንሽ ይችላል» አለቻት። ስንወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ከእንግዲህ ከእኔ እጅ ጠብታ አይቀምሱም። ግን ሲድኑ ይምጡ፤ ቦታቸው አለ» አለች። ልጅቷ እሺም እምቢም አላለችም።

ከሁለት ወር ግድም በኋላ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ክራንች ይዘው፣ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። የወጣቶቹ ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አምቦ ውሃ በብርሌ ቀዳሁላቸው፤ አይተው ሳቁ። ልጅቷ ቀና ብላ የጭቃውን ግድግዳ፣ አግዳሚውን፣ ሰዉን አየች። ለእሷ መካከለኛ ቀዳሁ። አንዴ ጎንጨት ብላ፣ «ያን ያህል አይደለም» አለችኝ፣ በቀጥታ ወደ ዓይኔ እያየች። ሁለታችንም ሳቅን። አስተያየቱን እንድታጠፋው አልጠየቅኳትም፤ እሷም አላጠፋችውም። ዛሬም እዚያው አለ፤ አዲስ ሰው ያየውና ይጠይቀኛል፤ እኔም እነግረዋለሁ።

እናቴ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። ፀጉሩ የሸበተ ሁሉ ሲገባ፣ «ስኳር አለብዎት? ግፊትስ? መድኃኒት ወስደዋል?» ትላለች። ወጣቶቹ ይስቃሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይቆጣሉ። ባለፈው አንዱ፣ «ጠጅ ለመጠጣት የሐኪም ማስረጃ የሚጠየቅበት ብቸኛ ቤት» ብሎ ሦስት ኮከብ ሰጠን። ሁለት የድሮ ደንበኞች ተቀይመው ቀሩ። አንዱ ሰላም መሆኑን ለማረጋገጥ ቤቱ ድረስ ሄጃለሁ።

እኔም አልተሻለኝም። አንድ ሽማግሌ ሒሳብ ከፍሎ ሲነሳ እጄን አብሼ አብሬው እወጣለሁ፤ ዋናው መንገድ ድረስ፣ ታክሲው ውስጥ እስኪገባ። ትናንት አንደኛው ዞር ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ጠባቂዬ ነሽ?» አሉኝ። «አይ፣ ወደዚያው ስለምሄድ ነው» አልኳቸው። አልሄድም ነበር። ታክሲው ተነስቶ እስኪሄድ ቆሜ አየሁት።