በአንድ መተንፈሻ

ባለቤቴ ዋና የተማረው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ ኮራል በሚባለው፣ ድንጋይ በሚመስለው የባሕር ፍጥረት መካከል የሚኖሩትን ዓሦች በዓይኔ ካላየሁ አለ። ወደ ካሪቢያን ከመሄዳችን በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ውጭው በረዶ ሆኖ፣ ዎርዝንግተን ከተማ ባለ አንድ መዋኛ ገንዳ ውስጥ የአየር ሲሊንደር አዝለን መጥለቅ ተማርን።

አንድ ቀን አስተማሪው የእኔ አየር እንዳለቀ አድርገን፣ ሁለታችንም በባለቤቴ መተንፈሻ እየተቀባበልን እንድንተነፍስ አዘዘን። ሁለት ጊዜ ስቦ መስጠት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ አድርጌ መለስኩለት። ድገሚ ብሎ እጄን ገፋው። እኔም የእሱን ገፋሁ። እንዲህ ስንግደረደር ሁለታችንም እያሳልን ብቅ አልን።

«ምነው፣ ተጣላችሁ?» አለ አስተማሪው።

«ኧረ ስንገባበዝ ነው» አለው ባለቤቴ በአማርኛ። በእንግሊዝኛ ሊያስረዳው ጀመረና ተወው።

ጉዞው ሁለት ወር ሲቀረው ባለቤቴ በድንገት በልብ ሕመም ሞተ። ትኬቶቹ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ያለ እሱ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም፤ ብሄድ ከታች ድንጋጤ ይይዘኛል ብዬ ፈራሁ። ብቀር ደግሞ ያን ያህል የተመኘውን ነገር ከሁለታችን አንዳችንም ሳናየው ልንቀር ነው።

ታላቅ እህቱ ከሚኖሩበት ከተማ፣ ከካናል ዊንቸስተር መጡ።

«ዓመቱ ሳይሞላ ባሕር ልትገቢ?»

«የመጥለቂያው ልብስ ጥቁር ነው፣ እትዬ።»

«ነጠላሽንስ እዚያም ታዘቀዝቂዋለሽ?»

ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ አልጋው ላይ የዘረጋሁትን ልብስ እያጠፉ ሻንጣ ውስጥ ያስገቡልኝ ጀመር።

ካሪቢያን ስደርስ አብራኝ የጠለቀችው አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። የጀልባውን ገመድ ይዘን ወረድን። ጥቂት እንደወረድን ትንፋሼ ተፋጠነና ገመዱን አልለቅ አልኩ። ሴትዮዋ አልጎተተችኝም፤ ፊት ለፊቴ ሆና ጠበቀችኝ። ትንፋሼ ሲረጋ ቀጠልን።

ኮራሉ ሐምራዊና ቢጫ ነበር፤ ቅርንጫፍ ያለውም፣ እንደ ጥቅል ጎመን የተጠቀለለም ነበረበት። አንድ ትልቅ ሰማያዊ ዓሣ እየነከሰ ሲቆረጥመው ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አጠገቤ ሰው ቆሎ የሚበላ ይመስል ነበር። ገንዳው ውስጥ ይህን የነገረን የለም። ተጠግቼ አዳመጥኩ። የወረድኩት ለባለቤቴ ብዬ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ግን እሱንም ረሳሁት።

ሴትዮዋ ትከሻዬን ነካ አድርጋ የአየር መለኪያዋን አሳየችኝ፤ ወደ ላይም ጠቆመች። አንድ ደቂቃ ብቻ ብዬ ጣቴን አነሳሁላት።