የሎሚው ዘበኛ

ልጅ ሳለሁ፣ በስደት በምንኖርባት በኦሮራ ከተማ ከነበረው ቤታችን ጓሮ፣ ከአጥሩ ማዶ ጋሽ ሳልቫ የምንላቸው ጣሊያናዊ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። አመሻሽ ላይ በተቆረጠ በርሜል እንጨት ያነዱና፣ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበን ስለ ሲሲሊ ያወሩልን ነበር። አባቴም ከሱቅ ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ አጠገባችን ቁጭ ይላል።

ያኔ ከሁሉ የምወደው የሎሚውን ታሪክ ነበር። በአያታቸው ዘመን የመሬቱ ጌታ ርቆ ከተማ ይኖራል፤ የድሮው ሥርዓት ፈርሷል፤ አዲሱ መንግሥት ደግሞ ግብር ሊሰበስብ እንጂ ሌባ ሊይዝ አይመጣም። ሎሚ በመርከብ ተጭኖ እንደ ወርቅ በሚፈለግበት በዚያ ጊዜ አንድ ጉልበተኛ ማታ ዛፍ ይቆርጥና ጠዋት መጥቶ ዘበኛ ልሁናችሁ ይላል። ቆራጩ ራሱ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። ዘበኛው ወንድሞቹን ጠራ፤ ውሎ አድሮ ዳኛውም የነሱ ሰው ሆነ። ማፊያ የተወለደው እንዲህ ነው ይሉን ነበር ጋሽ ሳልቫ። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይናደዳል፤ በዚያ አገር አንድ ወንድ ጠፋ ወይ ይላል። እኔም በአባቴ እኮራ ነበር።

ከዚያ ሽመልስ መጣ። ሽመልስ የኛው ሰው ነው፤ ለቅሶ የማይቀር፣ ሠርግ ላይ ወንበር የሚደረድር። የሱቃችን መስታወት በተሰበረ ማግስት ፓርኪንጉን እኔ ልጠብቅላችሁ አለ። አባቴ ፖሊስ በመጥራት ፈንታ ሽማግሌ ሰበሰበ፤ ገመናችንን ለፈረንጅ አንሰጥም ተባለ። ያንን ወሮበላ መርቀው ሾሙት፤ ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

ከሱቃችን ጎን ልብስ ይሰፉ የነበሩት እትዬ ዘነበች ግን ጠባቂ አልፈልግም አሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ ባንኮኒው ጋ ቆሜ ሳለ፣ ሽመልስ የእትዬ ዘነበችን መስታወት በብረት ሲያረግፈው አባቴም እኔም አየን። ፖሊስ መጣ። ከእኛ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። እትዬ ዘነበች ስብርባሪው መሀል ቆመው አባቴን አባቴን ያያሉ።

«አላየሁም» አለ አባቴ።

አፌን ስከፍት እጄን ጨመቀው። እኔም ዝም አልኩ።

ያን ምሽት ጋሽ ሳልቫ እሳት ሲያነዱ አባቴ አልወጣም። የሆነውን ነገርኳቸው። ፍሙን እየቆሰቆሱ «አያቴም ዛፉ ሲቆረጥ አይተው ነበር» አሉኝ። እትዬ ዘነበች ብዙም ሳይቆዩ የስፌት መኪናቸውን ጭነው ቶርንተን ወደሚባል ሌላ ከተማ ሄዱ።

ተረት ልጅን ያንጻል ሲሉኝ እበሳጫለሁ። ያን ታሪክ ከአባቴ በላይ የሰማው ማን ነበር? በቅርቡ፣ ካረጀ በኋላ፣ ለምን እንደዚያ አደረግህ ብዬ ጠየቅኩት። «ለአንቺ ብዬ ነዋ» አለኝ፤ በየቀኑ በዚያ መንገድ ብቻሽን ታልፊ ነበር፣ ሽመልስም ትምህርት ቤትሽን ያውቅ ነበር አለ። እውነቱን ነው። እትዬ ዘነበችን አሳልፎ የሰጠው ለእኔ ብሎ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።